የኮርማው ትኩሳትና የበቅሎው መካንነት፦ ስፐርም ሲሠራ ጂኖች በምን ተራ ይነበባሉ?

በዳንግላ የከብት ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ያያል፣ ሰኮናዋን አንሥቶ ይመረምራል፣ ጥቂት አስጋልቦ አካሄዷን ይገምታል፤ ትወልዳለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች የሚለውን ተረት ጎጃም ውስጥ የማያውቅ ልጅ አይገኝም። ተረቱ የሚሳለቀው በአባቷ በአህያው በማፈሯ ነው፤ የዘር ሐረጉን ግን አልሳተም፤ እናቷ ባዝራ ስለሆነች ፈረስ በእርግጥም የእናቷ ወንድም ነው። ተረቱ ያልነገረን ሐረጉ እሷ ላይ ሲደርስ የሚቆም መሆኑን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከበቅሎ አልፎ የኮርማን፣ የበግንና የሰውን ወንድ መውለድና አለመውለድ የሚመለከት ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ወንዱ በቅሎ ቆለጥ አለው፤ ቆለጡም ቴስቶስቴሮን የሚባለውን የወንድነት ሆርሞን ያመርታል፤ ባዝራ ስትሸተው ገመዱን ይበጥሳል፣ ሌላውን ወንድ ይነክሳል፤ ባለቤቶቹ በጊዜ የሚያኮላሹትም ስለዚሁ ነው። ያም ሆኖ ቆለጡ ውስጥ ያሉት የዘር ሕዋሳት ወደ ስፐርምነት የሚወስደውን መንገድ ይጀምሩና ከእኩሌታው አያልፉም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ የቁጥር ነው፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም (ጂኖችን የተሸከመ ክር) ስላላቸው ለበቅሎ 63 ይደርሳታል፣ 63 ደግሞ ለሁለት እኩል አይካፈልም ይባላል። ይህ ማብራሪያ ስሕተት ባይሆንም አይበቃም። ፕርዠቫልስኪ የሚባለው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ 66 ክሮሞሶም ያለው ሲሆን፣ ከቤት ፈረስ ጋር ሲዳቀል 65 ክሮሞሶም ያለው ውርንጭላ ይወለዳል፤ ይህም አድጎ ራሱ ይወልዳል። ጎዶሎ ቁጥር ብቻውን መካን የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እሱም ባልወለደ ነበር። ስለዚህ ስንት ክሮሞሶም አለ ከሚለው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ክሮሞሶሞቹ ላይ ካሉት ጂኖች የትኛው በየትኛው ቀን ይነበባል፣ የትኛውስ በየትኛው ቀን ይዘጋል?

በዚህ ጽሑፍ ጂን «ተነበበ» ስል፣ በዲኤንኤ ላይ የተጻፈው መመሪያ ወደ አር ኤን ኤ ተገልብጦ፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ፕሮቲን ተለውጦ ሥራ ላይ መዋሉን ማለቴ ነው። የአጥቢ እንስሳ ሕዋስ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት፤ የጉበቱም፣ የቆዳውም፣ የቆለጡም ሕዋስ የያዘው መጽሐፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከንባቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መጻሕፍቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው ሳሉ የትኛው ምንባብ በየትኛው ዕለት እንደሚነበብ የሚወስነው ግጻዌ እንደሆነ ሁሉ፣ ሕዋስም የራሱ ግጻዌ አለው። ከመጻሕፍቱ መካከል ለዐቢይ ጾም ብቻ የሚወጣ የዜማ መጽሐፍ እንዳለ፣ ከጂኖቹም መካከል ከቆለጥ በቀር የትም የማይገለጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የሰው ፕሮቲኖች ካርታ እንዳሳየው፣ ለራሱ ብቻ የሚነበቡ ጂኖች በብዛት ያሉት የሰውነት ክፍል ቆለጥ ነው፤ ቁጥራቸው 1,000 ይጠጋል፤ አንጎል እንኳ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

የዚህን ንባብ ተራ በዝርዝር ማወቅ የተቻለው በቅርቡ ነው። ቀድሞ ተመራማሪዎች የቆለጡን ሥጋ በአንድነት ፈጭተው አር ኤን ኤውን ያወጡ ነበር፤ ይህ ደግሞ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ አብሮ ከተፈጨ በኋላ ከዱቄቱ ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት እንደ መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ግን የአይጥና የሰው ቆለጥ ሕዋሳት አንድ በአንድ ተለይተው፣ የየራሳቸው ንባብ ተመዝግቦ፣ ከመጀመሪያው ሕዋስ እስከ መጨረሻው በተራ ተደርድረዋል። ከዚህ ድርድር የምረዳው አንድ ነገር ነው፤ ስፐርም በመሥራት ረገድ ጂንን በጊዜው መዝጋት ከመክፈት ያልተናነሰ ሥራ ነው፣ ተራው ከተዛባ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው በተዛባበት ቀን ሳይሆን ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከግንድ ሕዋሱ ነው። ቆለጥ ውስጥ በተጠቀለሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ የተቀመጠው ይህ ሕዋስ ሁለት የሚጋጩ ግዴታዎች አሉበት፤ ራሱን መተካት፣ ልጆቹንም ወደ ስፐርምነት መላክ። ሁሉን ከላከ ምንጩ ይነጥፋል፤ ሁሉን ከያዘ ስፐርም አይኖርም። ገበሬ ከጎተራው ለዘር የሚቀመጠውንና ለምግብ የሚወጣውን እህል ለይቶ እንደሚያኖር፣ ቆለጥም ይህን መለየት ያውቃል፤ ናኖስ2 የሚባለው ጂን የሚነበብበት ሕዋስ ለዘር የተቀመጠው ነው። ጂኑ የተሰረዘበት ወንድ አይጥ የዘር ሕዋስ አይኖረውም። ከጎን ሆነው ይህን ሕዋስ የሚንከባከቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ሰርቶሊ የገለጻቸውና በስሙ የሚጠሩት ሕዋሳት ናቸው። የሰርቶሊ ሕዋስ እንደ ሞግዚት ነው፤ ያጎርሳል፣ ይደግፋል፣ የሚነበበውንም በሚልካቸው ፕሮቲኖች ያዝዛል።

ቀጥሎ ያለው በር የሚከፈተው በቪታሚን ኤ ነው። ሰውነት ከዚህ ቪታሚን የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ወደ ሕዋሱ ሲደርስ ስትራ8 የሚባለው ጂን ይነበባል፤ ስትራ8 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሜዮሲን ተብሎ ከተሰየመው አጋሩ ጋር ሆኖ ሕዋሱን ክሮሞሶም ወደሚጋመስበት ክፍፍል፣ ማለትም ወደ ሜዮሲስ ያስገባዋል። ቪታሚን ኤ የተነፈገ አይጥ ቆለጡ እንደሚሰልል ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ታውቆ ነበር፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ስትራ8 ከተገኘ በኋላ ነው። ለጎጃም ከብት አርቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከብት ቪታሚን ኤን የሚያገኘው በለምለም ሣር ውስጥ ካለው ካሮቲን ነው፤ ካሮቲኑ ደግሞ ሣሩ ፀሐይ ላይ ሲደርቅና ሲቆይ ይጠፋል። በክረምት ጉበቱ ውስጥ ያጠራቀመው ለጥቂት ወራት ያቆየዋል፤ በጋው ሲረዝምና ኮርማው ከጥር እስከ ግንቦት በጤፍ ጭድና በበቆሎ አገዳ ብቻ ከከረመ ግን ስንቁ ያልቃል። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ጉልበትና ፕሮቲን ቢሰጡም በዚህ ረገድ ለምለም መኖን አይተኩም። ኮርማው ሥጋ ይዞ፣ ቆዳው አብረቅርቆ ሳለ ላሞቹ መያዝ ቢያቅታቸው፣ መጠርጠር ያለበት አንዱ ይህ ነው።

ሜዮሲስ ከእናትና ከአባት የተወረሱት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚተቃቀፉበት፣ ቁራጭ የሚለዋወጡበትና በመጨረሻም ቁጥራቸው የሚጋመስበት ሥራ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ጥንዳቸውን ሲያገኙ ጾታን የሚወስኑት ኤክስና ዋይ ግን አይጣጣሙም፤ ኤክስ ትልቅ፣ ዋይ ትንሽ ስለሆኑ የሚነካኩት በጫፋቸው ብቻ ነው። ሕዋሱ ታዲያ ሁለቱን ወደ ዳር ወስዶ፣ እንደ ጓዳ በተለየ ስፍራ ከቶ፣ በላያቸው ያሉትን ጂኖች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ዝም ያሰኛቸዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ተቀምጠው ዜማው በመቋሚያ ብቻ እንደሚቀጥል ያለ ዝምታ ነው፤ አገልግሎቱ አልተቋረጠም፣ ድምፁ ግን ተለውጧል። ችግሩ ኤክስ ላይ ካሉት ጂኖች መካከል ሕዋስ ያለ እነሱ ውሎ የማያድርባቸው መኖራቸው ነው። ከስኳር ኃይል ለማውጣት የግድ የሚያስፈልገውን ኢንዛይም የሚያሠራው ፒጂኬ1 አንዱ ነው። መፍትሔው ከሩቅ ዘመን ጀምሮ ተዘጋጅቷል፤ የፒጂኬ1 አር ኤን ኤ ተመልሶ ወደ ዲኤንኤ ተገልብጦ ሌላ ክሮሞሶም ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፒጂኬ2 የተባለ ጂን ወጥቶታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1987 ታውቋል። ፒጂኬ2 በሌላው የሰውነት ክፍል አይነበብም፤ ኤክስ ዝም ሲል እሱ ተነሥቶ ሥራውን ይረከባል። መቋሚያው ይህ ነው።

ወደ በቅሎው ስንመለስ ነገሩ እዚህ ላይ ይገለጣል። ፈረስና አህያ የሚለያዩት በክሮሞሶም ብዛት ብቻ አይደለም፤ በብዙዎቹ ክሮሞሶሞች ላይ ቁራጮች ተገልብጠዋል፣ ተቆርጠው ሌላ ቦታ ተቀጥለዋል። ስለዚህ በበቅሎው ሕዋስ ውስጥ የአባት አህያው ክሮሞሶም የእናት ባዝራዋን ጥንድ ፈልጎ ከዳር እስከ ዳር ሊተቃቀፍ አይችልም፤ አብዛኞቹ ሕዋሳት ተሰናክለው የሚቀሩትም በዚሁ ደረጃ ነው። በአይጥ ላይ የተሠራው ምርምር ያልተጣመረ ክሮሞሶም ለምን ገዳይ እንደሚሆን አስረድቷል። ኤክስንና ዋይን ዝም የሚያሰኙት ፕሮቲኖች ያልተጣመረ ክሮሞሶም ባገኙበት ሁሉ ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ በአንድ በኩል መነበብ የነበረባቸው ጂኖች ይዘጋሉ፣ በሌላ በኩል ፕሮቲኖቹ ስለሚበታተኑ ኤክስና ዋይ በሚገባ ሳይዘጉ ይቀራሉ። በአይጥ ዋይ ላይ ያሉት የዜድኤፍዋይ ጂኖች በዚህ ሰዓት ከተነበቡ ያ ብቻውን ሕዋሱን ለመግደል በቂ ነው። ጂኖቹ በሌላ ቀን ቢነበቡ ይጠቅማሉ እንጂ አይጎዱም፤ በጾም ቀን የተመታ ከበሮ ሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት የአይጥ ዝርያዎች ሲዳቀሉ ወንዱን መካን የሚያደርገው ጂን ፒአርዲኤም9 መሆኑ ታውቋል፤ ሥራውም ክሮሞሶሞቹ ቁራጭ የሚለዋወጡበትን ቦታ መምረጥ ነው። ዘመዳሞች ሲለያዩ ይህ ምርጫ አይገጥምም፣ መጣመሩም ይሰናከላል። እንግሊዛዊው ጄ.ቢ.ኤስ. ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1922 እንዳስተዋለው፣ ከሁለት ዝርያ በተወለደ ዲቃላ ዘንድ አንዱ ጾታ መካን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያ ጾታ ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞሶሞች ያሉት ነው፤ በአጥቢዎች ይህ ወንዱ ነው። ሴት በቅሎ እጅግ አልፎ አልፎ መውለዷ በልዩ ልዩ አገር ተመዝግቧል፤ ወንዱ ግን ወልዶ አልታየም። አያቶቻችን በቅሎ የወለደች ዕለት ብለው የማይሆን ነገርን ሲገልጹ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም።

በዚሁ ደረጃ ላይ ያሉ ሕዋሳት አንድ ሌላ አስገራሚ ጠባይ አላቸው፤ ከሥራቸው ጋር ግንኙነት ያላቸው የማይመስሉ ጂኖችን ጭምር ያነባሉ። ፕሮቲን ከሚያሠሩት ጂኖች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ በቆለጥ ውስጥ በአንድ ወቅት ይነበባሉ። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበ አንድ አስተሳሰብ ሕዋሱ መጽሐፉን ሁሉ የሚያነበው ለእርማት ነው ይላል፤ ጂን ሲነበብ ጉዳት ያለበት ቦታ ስለሚታይ ይጠገናል፣ ልጆቹም ያነሰ ስሕተት ይወርሳሉ። ሌሎች ግን ስፐርም ለመሥራት ዲኤንኤው ከተጠቀለለበት መፈታቱ ስለማይቀር፣ በሩ ሁሉ ሲከፈት ያልተጠራውም እንደሚገባ ያለ ነገር ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሰው ሁሉን ነገር ዓላማ እንዲኖረው ይፈልጋል፣ ተፈጥሮ ግን ብዙ ጊዜ ክፍት በር ትታ የምትሄድ ናት። ክርክሩ አልተዘጋም።

ከሜዮሲስ በኋላ እያንዳንዱ ሕዋስ ወይ ኤክስ ወይ ዋይ ብቻ ይይዛል። እዚህ ላይ ከብት አርቢው የሚጠቀምበት አንድ ቁም ነገር አለ። እነዚህ ክብ ሕዋሳት ከአንድ እናት ሕዋስ ሲከፋፈሉ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም፤ በጠባብ መተላለፊያ ተያይዘው ይቀራሉ፤ አንዱ ያነበበው አር ኤን ኤና ፕሮቲን ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ገበታቸው አንድ ስለሆነ ዋይ የያዘው ኤክስ ከያዘው ወንድሙ ሳይጎድልበት ያድጋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 በአይጥ ታይቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁሉም ምርት እኩል እንደማይካፈል፣ አንዳንዱም ባነበበው ሕዋስ ዘንድ እንደሚቀር ተደርሶበታል። ያም ሆኖ ወንድና ሴት የሚሰጠውን ስፐርም በላዩ ባለ ፕሮቲን መለየት አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው በዚህ መጋራት ምክንያት ነው። ለወተት ላም ጥጃ ሴት እንድትሆን ተለይቶ የሚሸጠው የኮርማ ዘር የሚለየው በሌላ መንገድ ነው፤ ኤክስ የያዘው የኮርማ ስፐርም ዋይ ከያዘው 4 በመቶ ገደማ የበለጠ ዲኤንኤ ስላለው፣ መሣሪያው ያንን ልዩነት በብርሃን ይለካል።

ክቡ ሕዋስ ወደ ጭንቅላትና ጅራት የሚለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። ክሬም የተባለው ጂን ለዚህ የሚያስፈልጉትን ብዙ ጂኖች የሚቀሰቅስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት ክሬም የሌለው አይጥ ሕዋሳቱ ክብ እንደሆኑ ይቀራሉ። ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ዲኤንኤውን ማሸግ ነው። በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሟል፤ ሲፈለግ የሚፈታ፣ ተፈትቶም የሚነበብ፣ እንዝርት ላይ እንዳለ ድር ነው። ስፐርም ግን አንድ ሜትር የሚሆን ክር ከሚሊ ሜትር መቶኛ በሚያንስ ጭንቅላት ውስጥ ማስገባት አለበት። ስለዚህ አብዛኞቹ ሂስቶኖች ተነቅለው ይጣሉና በፕሮታሚን ይተካሉ፤ ክሩም ጥብቅ ልቃቂት ይሆናል። ፍሪድሪክ ሚሸር ፕሮታሚንን እ.ኤ.አ. በ1874 ከሳልሞን ዓሣ ስፐርም ለይቶ ሰይሞታል። በሰውና በአይጥ ሁለት ዓይነት ፕሮታሚን ሲሠራ፣ በኮርማ ግን ሥራውን የሚሸከመው በዋናነት አንዱ ነው።

ልቃቂቱ ከጠበቀ በኋላ የሚነበብ ጂን የለም። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው አር ኤን ኤ ሁሉ አስቀድሞ ተገልብጦ መቀመጥ አለበት። የፕሮታሚን አር ኤን ኤ በክቡ ሕዋስ ውስጥ ይገለበጥና በአይጥ ለሳምንት ያህል ሳይነካ ይቆያል፤ ወደ ፕሮቲን የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መዘግየት የሚጠብቀው ክፍል ተቆርጦ ፕሮታሚኑ ቀድሞ እንዲሠራ የተደረገባቸው አይጦች እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ሥራ ታይተዋል፤ ዲኤንኤው ከጊዜው በፊት ተጠቅልሎ፣ ስፐርሙ ተበላሽቶ፣ መካን ሆነዋል። ጂኑ ጤነኛ ነበር፣ ፕሮቲኑም ጤነኛ ነበር፤ የተበላሸው ቀኑ ነው። ጠላ ያለ ቀኑ ሲከፈት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ በየእንስሳው የተወሰነ ነው፤ በአይጥ 35፣ በበግ 47፣ በኮርማ 61፣ በሰው 74 ቀን ገደማ ነው። በዚህ ላይ ስፐርሙ ከቆለጥ ወጥቶ በጠመዝማዛው ቱቦ ውስጥ የሚበስልበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ ተንጠልጥሎ ከሌላው አካል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀዘቅዘውም ሥራው ሙቀት ስለማይወድ ነው። ትኩሳት ሲመጣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ሜዮሲስ ላይ ያሉትና ገና ክብ የሆኑት ሕዋሳት ናቸው፤ ተሠርቶ ያለቀው ስፐርም ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ በአፍተግር ታሞ የተነሣ ኮርማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅራታቸው የተጠመዘዘ፣ ጭንቅላታቸው የተጣመመ ስፐርሞች መታየት ይጀምራሉ፤ ይህም ለብዙ ሳምንታት ቀጥሎ፣ ግንድ ሕዋሶቹ ካልተጎዱ አዲሱ ተራ ሲደርስ ይስተካከላል። ላሞቹ ሳይዙ የቀሩበትን ወር ብቻ አይቶ መኖውን ወይም ውኃውን የሚወቅስ ሰው ምክንያቱን የሚፈልገው በተሳሳተ ወር ውስጥ ነው።

ስለ ሰው ሲሆን ንግግሩ ይከብዳል። በገጠራችን ልጅ ያልወለደች ሴት መካን ተብላ ስትፈታ፣ ባልየው ሌላ አግብቶ ያም ሳይሆን ሲቀር እንኳ ነገሩ ወደ እሱ አይዞርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ከስድስት ጎልማሶች አንዱ በሕይወቱ በአንድ ወቅት መውለድ ያስቸግረዋል፤ ችግሩ ካለባቸው ጥንዶች በግማሽ ገደማው ደግሞ የወንዱ ድርሻ አለበት። በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ዳዝ የተባለው የጂን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1995 የታወቀው ምንም ስፐርም በሌላቸው ወንዶች ላይ ተቆርጦ በመገኘቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቁመናውም፣ ጺሙም፣ ወንድነቱም እንደማንኛውም ነው፤ ቴስቶስቴሮን የሚሠሩት ሕዋሳት ሌሎች ናቸውና። የወንዱ በቅሎ ገመድ መበጠስ ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ ወንድነትና መውለድ በአንድ ቆለጥ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሁለቱ ሥራዎች መለያየታቸው ለከብት እርባታ አዲስ ሐሳብ ወልዷል። ናኖስ2 የተሰረዘበት ኮርማ የራሱ የዘር ሕዋስ የለውም፤ ቱቦዎቹ፣ የሰርቶሊ ሕዋሶቹና ቴስቶስቴሮኑ ግን ሙሉ ናቸው። ባዶ በተዘጋጀው ቤት ውስጥ የሌላ፣ የተመረጠ ኮርማ ግንድ ሕዋስ ቢገባ፣ ኮርማው እንደ ልማዱ ላም እየተከተለ የሌላውን ዘር ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ይህ በአይጥ ልጅ እስከ ማስወለድ፣ በፍየልና በአሳማ ደግሞ የለጋሹን ስፐርም እስከ ማምረት መድረሱን አሳይተዋል። በጎጃም መንገድ ላይ ሆኖ ሲታይ የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነው። ሰው ሠራሽ ማዳቀል በ196 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ዘር ይፈልጋል፤ ላሟ ኮርማ የምትፈልገው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው፤ ጠዋት ከታየች ማታ መድረስ ያለበት አዳቃይ ደግሞ ሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ሲያጣ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ሲያልቅ ወይም ወንዙ ሲሞላ ይቀራል። ኮርማ ግን በራሱ እግር ይሄዳል።

ሆኖም ቸኩሎ ማጨብጨብ አይገባም። በእግሩ የሚሄድ ኮርማ ከላም ላም የሚያስወርድ በሽታም ይዞ ይሄዳል። አንድ የተመረጠ ኮርማ በመቶ ተተኪዎች ቆለጥ ውስጥ ቢባዛ መንደሩ ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ይሞላዋል፤ አንዳሳ የሚገኘው የእንስሳት ምርምር ማዕከል የሚጠብቀው የፎገራ ከብት ጠባይ፣ ረግረግና ዝንብ የለመደው ጥንካሬው፣ በሁለት ትውልድ ሊቀልጥ ይችላል። ጂኑ የተነካ እንስሳ ጉዳይ በ2001 ዓ.ም. በወጣውና በኋላ በተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ መነፅር መታየቱም አይቀርም። በእኔ ግምት ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚበጀን ከዚህ ሳይንስ ቴክኖሎጂውን ከመጠበቅ ይልቅ የቀን አቆጣጠሩን መውሰድ ነው፤ ጥላ፣ ለምለም መኖ፣ የታመመበትን ቀን መመዝገብ።

ይህን የምለው ቀኑን ባለመቁጠሬ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከዳንግላ ወጣ ባለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ገበሬ «ልጄ፣ ኮርማዬ ዘሩ ጠፋ፤ ላም ይወጣል፣ የሚይዝ የለም» ብለው ጠሩኝ። ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁ። የጤነኛ ኮርማ ጠብታ ነፋስ እንደመታው የገብስ ማሳ ይተማል፤ የዚህኛው ግን ረግቶ ነበር፣ ከሚታዩት አብዛኞቹም ጅራታቸው ተቆልሞ በቦታቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። «አያ፣ ይህ ኮርማ አብቅቷል» አልኋቸው። ስለ ሕመም አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አላነሡም። በአፍተግር ታሞ፣ አፉ ቆስሎ ሦስት ቀን ሳይግጥ መዋሉን የሰማሁት ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ስንገናኝ ነው። ቀኑን ወደ ኋላ ስቆጥር ከትኩሳቱ እስከ ምርመራው 38 ቀን ሆነ፤ ያየሁት ስፐርም ትኩሳቱ ሜዮሲስ ላይ ሳለ ያገኘው ነበር፤ ጤነኛው ተራ እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ ይቀረው ነበር። ኮርማው እኔ በሄድኩ በሳምንቱ ተኮላሽቷል። ሰንጋ ሆኖ፣ ጥሩ ሥጋ ይዞ፣ ለፋሲካ ተሽጧል።